የኤሌክትሪክ ምጣድ ሙቀት መቆጣጠሪያ፦ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የተያዘ የሥራ ማስታወሻ፣ ጎንደር

ጥቅምት 4

ምጣዱ ያለው አንድ ማብሪያ ብቻ ነው። ሲበራ ሙሉ ኃይል፣ ሲጠፋ ባዶ። ቀን መስመሩ ጥሩ ሲሆን ከመጠን በላይ ይግልና የእንጀራው ጀርባ ያርራል፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ምጣዱን ሲሰካ ደግሞ ዓይን የሌለው፣ ከሸክላው አልላቀቅ የሚል እንጀራ ይወጣል። የሚሠራው ነገር የሸክላውን ሙቀት እየለካ ኃይሉን የሚመጥን ሳጥን ነው።

መጀመሪያ ልኬት። ስፒናው ተነቅሎ፣ ምጣዱ ቀዝቅዞ፣ የማሞቂያ ሽቦው ሬዚስታንስ በቴስተር 14.2 ኦም። በ220 ቮልት 220 × 220 ÷ 14.2 = 3,408 ዋት፤ 15.5 አምፔር መሆኑ ነው። ማታ 1፡30 ላይ ምጣዱ በርቶ እያለ ሶኬቱ ላይ የተነበበው 187 ቮልት ነው፤ ያኔ የሚገኘው ኃይል 2,463 ዋት ብቻ። ኃይል ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ስለሚሄድ ቮልቴጁ 15 በመቶ ሲወርድ ሙቀቱ 28 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ «2 ደቂቃ ይብራ፣ 1 ደቂቃ ይጥፋ» የሚል ተራ ታይመር አያዋጣም፤ ቀን የተስተካከለው ማታ አይሠራም።

ስፒናው ሲታይ አንደኛው እግር ሥር ፕላስቲኩ ጠቁሯል። 15.5 አምፔር ለአንድ ሰዓት ተኩል ያለማቋረጥ ሲያልፍበት የላላ ሶኬት መቅለጡ አይቀርም። ስለዚህ ስፒና ቀርቷል። ከቆጣሪው ሥር የራሱ 20 አምፔር ብሬከርና 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ (ኃይል ወደ መሬት ሲያፈስ የሚቆርጥ ማብሪያ) ገብቶ፣ በ4 ሚሜ ካሬ ገመድ ቀጥታ ይሳባል። አርሲዲው የግድ ነው። ውሃና ሊጥ የሚፈስበት 220 ቮልት ላይ እጅ የሚያሳርፍ ሰው አለ።

ጥቅምት 7

የተገዛው፦ አርዱይኖ ናኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ኮፒው) 1,100 ብር፣ ማክስ 6675 ሞጁል (ልኬቱን ወደ ቁጥር የሚለውጠው) ከኬ ታይፕ ተርሞካፕሉ (ከሁለት ዓይነት ብረት የተጣመረ ሙቀት መለኪያ ሽቦ) ጋር 850፣ ኤስኤስአር (የሚንቀሳቀስ ጥርስ የሌለው የኤሌክትሮኒክ ማብሪያ) 40 አምፔር የሚል ጽሑፍ ያለበት 1,300፣ ባለ 16×2 ኤልሲዲ (ቁጥር ማሳያ) 700፣ ቮልቴጅ መለኪያው ዜድኤምፒቲ 101ቢ 600፣ ብሬከርና አርሲዲ 3,200፣ ገመድ 12 ሜትር በ150 ሂሳብ 1,800። ድምሩ 9,550 ብር። ብሬከር፣ አርሲዲና ገመድ ፒያሳ ተገኝተዋል፤ ኤሌክትሮኒክሱ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የመጣ ነው።

ኤስኤስአር ላይ የተጻፈውን አምፔር እንዳለ ማመን አይገባም። ርካሾቹ ውስጥ ያለው፣ ኃይሉን የሚያሳልፈው ትራያክ ከጽሑፉ ያነሰ ሆኖ ይገኛል። ከተጻፈው ግማሹን ብቻ መጠቀም ጥሩ ልማድ ነው፤ ለ15.5 አምፔር 40 የሚለውን የመረጥነው ለዚህ ነው። (ይህም ቢሆን አልዳነም፤ ኅዳር 29ን ይመልከቱ።)

ጥቅምት 10

ማቀዝቀዣ። ኤስኤስአሩ ሲሠራ በሁለቱ እግሮቹ መካከል 1.3 ቮልት ያህል ይቀራል፤ 1.3 × 15.5 = 20 ዋት ሙቀት በአንድ የክብሪት ሳጥን በሚያህል እቃ ላይ። የተቃጠለ አምፕሊፋየር የአልሙኒየም ማቀዝቀዣ አለ፦ 190 × 120 ሚሜ፣ ወለሉ 6 ሚሜ ውፍረት። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ግድም ላይ ስለሆነች አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አምስት አንድ ያህል ይሳሳል፤ ያለ ፋን የሚሠራ ማቀዝቀዣ በዚያው ልክ ይደክማል። የፋብሪካው ሠንጠረዥ ለባሕር ወለል የተሠራ ስለሆነ ትንሽ ተለቅ ያለውን መውሰድ ነው።

ፊቱ ጠፍጣፋ አልነበረም። የመስኮት መስታወት ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ፣ በላዩ ብርጭቆ ወረቀት፦ መጀመሪያ 180 ቁጥር፣ ከዚያ 320፣ መጨረሻ 600፣ በሳሙና ውሃ እያረጠቡ ስምንት ቁጥር በመሥራት ማሸት። ፊቱ ላይ በማርከር መስመሮች ተሠምረዋል፤ መስመሩ ሳይጠፋ የቀረበት ቦታ ጎድጓዳ ነው። 40 ደቂቃ ፈጀ። ይህን ዘሎ ጎድጓዳውን በፔስት (በሁለቱ ፊቶች መካከል በሚቀባ ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) መሙላት አይረባም፤ ፔስት ከአልሙኒየም ጋር ሲነጻጸር ሙቀት አያስተላልፍም ቢባል ይቀላል።

ቀዳዳ፦ የኤስኤስአሩ ሁለት ቀዳዳዎች ከመሐል እስከ መሐል 47.6 ሚሜ ይራራቃሉ። በካሊብሮ ጫፍ ተጭሮ፣ በፑንቶ ተመትቶ፣ በትራፓኖ ተበሳ። ለኤም 4 ማስኪዮ (የቡሎን ጥርስ ማውጫ) የሚበሳው 3.3 ሚሜ ነው። 3.3 መብሻ አልነበረም፤ በ3 ተበስቶ ማስኪዮው ገባና ሦስተኛው ዙር ላይ ተሰበረ። የተሰበረውን ለማውጣት ሁለት ቀጭን ሚስማር በቦዮቹ ውስጥ ገብቶ በፒንሳ ተሞከረ፤ አልወጣም። ኤስኤስአሩ በ90 ዲግሪ ዞሮ አዲስ ቦታ በ3.3 ተበሳ። አልሙኒየም የማስኪዮውን ቦይ ስለሚደፍን ላምባ ጠብ እያደረጉ ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ዙር ወደኋላ። ሁለተኛው ያለ ምንም ችግር ገባ።

ጥቅምት 16

ሴንሰሩ የት ይቀመጥ? የሥራው ሁሉ ቁልፍ እዚህ ነው። ሽቦው ከሸክላው ሥር በተቦየው ቦይ ውስጥ ነው፤ በላዩ ጀሶ ተለስኖበታል። ከጀሶው ላይ የሚለካ ሴንሰር የሽቦውን እንጂ የሸክላውን ሙቀት አይናገርም። ከላይ ማስቀመጥ ደግሞ አይቻልም፤ ማሰሻው፣ ሊጡ፣ ሰፌዱ አለ። የቀረው በሁለት ቦዮች መካከል ከሥር ሽቅብ በስቶ የሸክላው ወገብ ላይ ማድረስ ነው። ሸክላው 20 ሚሜ ውፍረት አለው፤ 11 ሚሜ ጥልቀት ተመረጠ።

የመጀመሪያው ሸክላ ተሰነጠቀ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ትራፓኖው ላይ የመዶሻው ማርሽ ሳይጠፋ ቀርቷል። ስንጥቁ በዓይን አይታይም ነበር፤ በጣት አጥንት ሲንኳኳ ግን ድምፁ የደነዘዘ ሆነ። ደኅና ሸክላ ጥርት ብሎ ይጮኻል። አዲሱ ከወለቃ ሸክላ ሠሪዎች በ450 ብር መጣ፤ የሽቦውም ቦይ ተቦይቶለት። ለዚህኛው፦ የኮንክሪት መብሻ 5.5 ሚሜ፣ ያለ መዶሻ፣ በዝቅተኛ ዙር፣ መብሻው ላይ 11 ሚሜ ላይ ፕላስተር ተጠቅልሎ፣ በየ2 ሚሜው አቁሞ ዱቄቱን እየነፉ ማውጣት። ሸክላው ሥር አሸዋ የተሞላ ጆንያ ተነጥፏል፤ ጠረጴዛ ላይ ቢሆን ኖሮ ይዘል ነበር።

ጥቅምት 19

ከሞጁሉ ጋር የመጣው ተርሞካፕል ባለ ቡሎን ነው። በቴስተር ሲታይ የብረት ቆቡና አንደኛው ሽቦ ተገናኝተዋል፤ ቆቡ የምጣዱን ማሞቂያ ሽቦ ቢነካ 220 ቮልት ቀጥታ ወደ ናኖው ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ምጣድ ውስጥ መክተት አይገባም። ቆቡ በሴጌቶ ተቆርጦ ወጣ፤ ባዶው የተርሞካፕል ፍሬ ብቻ ቀረ።

መያዣው እንዲህ ተሠራ። 5 × 20 ሚሜ የሴራሚክ ፊውዝ ሁለት ጫፎቹ በካውያ ሞቀው ወለቁ፣ ውስጡ ያለው አሸዋ ተራገፈ፤ 18 ሚሜ ርዝመት ያለው የሴራሚክ ቱቦ ተገኘ። የተርሞካፕሉ ፍሬ ከቱቦው አፍ 2 ሚሜ ወደ ውስጥ ገብቶ በተወቀጠ ሸክላና ውሃ ተደፈነ። ከሥሩ የተሰበረ ሬዲዮ አንቴና ቀጭኑ ክፍል ይገባል፤ ውጩ 3.4፣ የቱቦው ውስጥ 3.6 ሚሜ። አንቴናው ከታችኛው ላሜራ ውጭ ወጥቶ በኤም 8 የነሐስ ቡሎን መሐል ያልፋል። ቡሎኑን መሐሉን ለመብሳት ቶርኖ ስለሌለ ቡሎኑ በትራፓኖው አፍ ታሰረ፣ መብሻው በሞርሳ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እቃው እየዞረ መብሻው ሲቆም ቀዳዳው ራሱ መሐሉን ይፈልጋል። ተቃራኒው ሲሞከር መውጫው ላይ 0.8 ሚሜ ተዛንፎ ነበር። በዚያው አያያዝ የቡሎኑ ራስ በሊማ ክብ ሆነ።

ቡሎኑ ውስጥ የእስክሪብቶ ሞላ ተቀምጦ አንቴናውን ሽቅብ ይገፋል። ሞላው ግዴታ ነው፤ በጀሶ ቢጣበቅ ሸክላው ሲግልና ሲቀዘቅዝ ሴራሚኩን ይሰብረዋል። ሞላው ከላሜራው ውጭ የሆነውም ሆን ተብሎ ነው፤ ውስጥ ቢሆን በሙቀቱ ኃይሉን ያጣል። አንቴናውና ላሜራው ሁለቱም ከመሬት ገመድ ጋር ታስረዋል፤ የናኖውም ኔጋቲቭ እንዲሁ። ሽቦው አንድ ቀን ቢያፈስ አርሲዲው ይቆርጣል እንጂ ሳጥኑ አይነዝርም።

የማሞቂያ ሽቦው ከገመዱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ እስታኞ አይሠራም፤ 183 ዲግሪ ላይ የሚቀልጥ ነገር እዚያ ቦታ የለውም። ኤም 5 የማይዝግ ቡሎን፣ በሁለት ራንዴላ መካከል የሽቦው ጫፍ፣ ሁለት ዳዶ እርስ በርስ የተቆላለፈ፣ ከዚያ የፖርሴሊን ተርሚናል።

ጥቅምት 20 – 27

ጀሶ ተለሰነ (120 ብር)። በማግስቱ ሲበራ አርሲዲው ወዲያው ቆረጠ። ከሽቦው እስከ ላሜራው ቴስተሩ 8 ኪሎ ኦም አነበበ፤ 220 ÷ 8,000 = 27 ሚሊ አምፔር። ጀሶው እርጥብ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ አርሲዲውን ያወጣዋል። «አዲስ ምጣድ ትንሽ ይነዝራል» የሚባለው ይኸው 27 ሚሊ አምፔር ነው፤ እርጥብ እግር ያለው ሰው ላይ ገዳይ ነው።

አራት ቀን ፀሐይ። ከዚያ ከሥሩ በከሰል እሳት፣ በጣም በስሱ፣ ሦስት ሰዓት። 3 ሜጋ ኦም። አሁን በ10 በመቶ ኃይል አንድ ሰዓት፣ በ20 አንድ ሰዓት። አርሲዲው ዝም። በመጨረሻ ምጣዱ በጎመን ዘር ተሟሸ።

ኅዳር 2

ልኬቱን ማረጋገጥ። በረዶና ውሃ፦ 1.5 ዲግሪ። የፈላ ውሃ፦ 93.25። እዚህ ላይ ፕሮግራሙ ውስጥ 7 ዲግሪ ለመደመር የሚቸኩል ብዙ ነው፤ ስህተት ይሆናል። ጎንደር ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ግድም ነው፤ 100 የሚፈላው በባሕር ወለል ነው። ማክስ 6675 ሁለት ሦስት ዲግሪ መሳቱ የተለመደ ስለሆነ ይህ ጥሩ ውጤት ነው።

ቁጥሩ ግን ደርቆ ነበር። ውሃው ሲሞቅ እንኳ አይነቃነቅም። ምክንያቱ፦ ፕሮግራሙ በየ100 ሚሊ ሰከንዱ ያነባል። ማክስ 6675 አንድ ልኬት ለመጨረስ 220 ሚሊ ሰከንድ ድረስ ይፈልጋል፤ ሳይጨርስ ሲጠየቅ ያቋርጥና እንደገና ይጀምራል፣ የድሮውን ቁጥር ይሰጣል። ንባቡ በየ500 ሚሊ ሰከንዱ ሲሆን ተፈታ።

ኅዳር 6

ሳጥኑን ከምጣዱ 1.5 ሜትር ለማራቅ የተርሞካፕሉ ገመድ በተራ የመዳብ ሽቦ ተቀጠለ። ኤልሲዲው 200 ሲል በሙቀት መለኪያ ሽጉጥ የሸክላው ፊት 205 አለ። ፊቱ ከወገቡ ሊበልጥ አይችልም! መቀጠያው ከምጣዱ ሥር 60 ዲግሪ ላይ ነው፣ ሞጁሉ ግን ሳጥኑ ውስጥ 25 ላይ ሆኖ መቀጠያው 25 እንደሆነ ያስባል፤ ንባቡ 35 ዲግሪ ያንሳል። ስህተቱ ወደ አደገኛው ወገን ነው፤ ያነሰ እያነበበ ይበልጥ ያቃጥላል። የኬ ታይፕ የራሱ ማራዘሚያ ሽቦ ካልተገኘ ሳጥኑን ማቅረብ ነው እንጂ በመዳብ መቀጠል የለም። ሳጥኑ 40 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ ከምጣዱ ጎን በአንጎላሬ ላይ ቆመ። ሲያያዝ ሁለቱ ሽቦዎች ተገላብጠው ከገቡ ምጣዱ ሲግል ቁጥሩ ይወርዳል፤ በዚያ ይታወቃል።

ኅዳር 11

የመጀመሪያው ፕሮግራም ቀላሉ ነበር፦ ከ235 በታች አብራ፣ ከ235 በላይ አጥፋ። ከበራ በኋላ ሴንሰሩ መንቀሳቀስ የጀመረው በ75 ሰከንዱ ነው። 235 ላይ ሲጠፋ እስከ 271 ወጣ፤ ከዚያ እስከ 212 ወረደ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሸክላ ሙቀት አስተላላፊ ሳይሆን ያዥ ነው። በዚህ ላይ ለመጋገር የሚሞክር አንዱን እንጀራ ያሳርራል፣ ሌላውን ያስጣብቃል።

ኅዳር 13 – 18

ፒአይ ቁጥጥር፤ ኃይሉ አሁን ካለው የዲግሪ ጉድለትና ሲጠራቀም ከቆየው ጉድለት ይሰላል። ኃይሉ በጊዜ መስኮት ይከፋፈላል፤ 40 በመቶ ማለት ከመስኮቱ 40 በመቶ ይበራል። መስኮቱ መጀመሪያ 4 ሰከንድ ነበር፤ የቤቱ አምፑሎች ሁሉ በየ4 ሰከንዱ ብልጭ ድርግም ይሉ ጀመር። መስመሩ ደካማ ነው፣ 3.4 ኪሎ ዋት ሲገባና ሲወጣ ይታያል። 20 ሰከንድ ተደረገ፤ ሸክላው በደቂቃ ስለሚያስብ 20 ሰከንድን አያውቃትም፤ ዓይንም አያስቸግርም።

የተገኙት ቁጥሮች፦ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ጉድለት 4 በመቶ ኃይል፤ የማጠራቀሚያው ክፍል በሰከንድ 0.01። የሦስተኛው፣ የፍጥነት ክፍሉ፣ አልተጠቀምንበትም፤ ንባቡ በ0.25 ዲግሪ እየዘለለ ስለሚሄድ ይደናገጣል። ማጠራቀሚያው ከ15 ዲግሪ ርቀት ውጭ እንዳይደምር ተዘግቷል፤ አለዚያ ሲሟሟቅ 25 ደቂቃ ሙሉ እየደመረ ይቆይና ከ235 አልፎ ይወረወራል። አሁን 241 ደርሶ ተመልሶ 235 ላይ ይቆማል፤ ፊቱ 200። ባዶውን ለመያዝ 28 በመቶ ይበቃዋል፣ ይህም 954 ዋት ነው።

ኅዳር 20

እውነተኛ ፈተና። የሚጋግሩት እማማ ነበሩ። የመጀመሪያው ጥሩ፣ ሁለተኛው ጥሩ፣ ሦስተኛው ዓይኑ ሳሳ፣ አምስተኛው ተጣበቀ። ኤልሲዲው በሦስተኛው እንጀራ ጊዜ 233 ይል ነበር፤ ማለትም ሴንሰሩ ምንም አላወቀም። ሊጡ ሲፈስ የሚበርደው ፊቱ ነው፤ ወሬው 9 ሚሜ ወርዶ ሴንሰሩ ጋ እስኪደርስ፣ ኃይሉም ከሽቦው ተነስቶ ፊቱ ጋ እስኪደርስ እንጀራው ተነሥቷል።

እማማ በእንጨት ሲጋግሩ እንዴት ያደርጉ እንደነበር ሲጠየቁ «ልጄ፣ አክንባሎውን ስደፋ ነው እሳቱን የምገፋው፤ ምጣዱ እስኪጠራኝ አልጠብቅም» አሉ። ቁጥጥሩ የጎደለው ይህ ነው። ሴንሰሩን መጠበቅ ሳይሆን ሊጡ መፍሰሱን ማወቅ።

ስንት ኃይል? ሚዛን ላይ፦ ሊጡ 470 ግራም፣ የወጣው እንጀራ 385። የተነነው ውሃ 85 ግራም፤ ያን ለማትነን 193 ኪሎ ጁል ያህል። ሊጡን ከ20 ወደ 93 ለማሞቅ 123። ድምር 316 ኪሎ ጁል፤ በ3,408 ዋት 93 ሰከንድ። ባዶውን ለመያዝ የሚሄደው 954 ዋት ሲቀነስ ደግሞ 129 ሰከንድ።

ኅዳር 24

አክንባሎው ሲደፋ የሚያውቅ ስዊች። መጀመሪያ ማግኔትና ሪድ ስዊች (ማግኔት ሲቀርበው የሚገናኝ)፤ ማግኔቱ አክንባሎው ጠርዝ ላይ። አንድ ሙሉ ጋገራ ሠራ፤ በሁለተኛው ቀን ስዊቹ አልሰማ አለ። ተራ የኒዮዲሚየም ማግኔት ከ80 ዲግሪ በላይ ጉልበቱን ያጣል፣ ሲቀዘቅዝም አይመለስለትም። ከአክንባሎው የሚወጣው እንፋሎት ብቻውን 93 ነው። በምትኩ ባለ ምላስ ማይክሮ ስዊች (80 ብር) ከላሜራው ውጭ ተደረገ፤ አክንባሎው የሚጫነው በ4 ሚሜ የማይዝግ ዘንግ በኩል ነው። ዘንጉ የሚያልፍበት ቀዳዳ 4.2 ሲሆን ሊጥ ገብቶ ደርቆ ያዘው፤ 5 ሚሜ ተደርጎ ከላይ የላሜራ ክዳን ተበየደለት።

ፕሮግራሙ፦ አክንባሎው ሲደፋ ሙሉ ኃይል ለ90 ሰከንድ፣ ማጠራቀሚያው ቆሞ። እስከ 8ኛው እንጀራ ሴንሰሩ ቀስ እያለ ወደ 224 ወረደ። 110 ሰከንድ ሲሆን መውረዱ ቆመ። ከ129 የጎደለውን ፒአዩ በሁለት እንጀራ መካከል ይሞላዋል። 110ው ለ220 ቮልት ነው፤ የተለካው ቮልቴጅ ሲያንስ ጊዜው በካሬው ይረዝማል፤ በ187 ቮልት 152 ሰከንድ። ጣሪያው 160። የቮልቴጅ መለኪያ ሞጁሉ ላይ ያለው ማስተካከያ በጣም ከተከፈተ የሞገዱ ጫፍ ይቆረጥና 187ም 220ም አንድ ዓይነት ያነባሉ፤ ሁለት ማታ የባከነው በዚህ ነው። ቀስ እያሉ መዝጋት፣ ከዚያ በቴስተር ማመሳከር።

ኅዳር 29

ኤልሲዲው ኃይል 0 በመቶ ይላል፣ ሙቀቱ ግን 260፣ 280፣ 305። ብሬከሩ በእጅ ወረደ። ኤስኤስአሩ ተጣብቆ ቀርቷል፤ ያለ ትእዛዝ ሁለቱ እግሮቹ መካከል 0.3 ኦም። ኤስኤስአር ሲሞት አብዛኛውን ጊዜ በርቶ ነው የሚሞተው፤ ይህን የማያስብ ሳጥን ቤት ያቃጥላል። ምክንያቱ ማቀዝቀዣው ነው፤ ክንፎቹ አግድም ሆነው በዝግ ሳጥን ውስጥ ነበር። አዲሱ (1,300 ብር) ሲገባ ማቀዝቀዣው ከሳጥኑ ውጭ፣ ክንፎቹ ወደላይ ቆመው ተሰቀለ። ክፍሉ 24 ሲሆን ከአንድ ሰዓት በኋላ 54 ዲግሪ።

ታኅሣሥ 3

ከኤስኤስአሩ በፊት 25 አምፔር ኮንታክተር (በመጠምጠሚያ ማግኔት ጥርሱ የሚገጥምና የሚለያይ ማብሪያ) ገባ (1,900 ብር)። ኮንታክተሩ ብቻውን ኤስኤስአሩን አይተካም፤ በየ20 ሰከንዱ ቢመታ በአንድ ጋገራ 270 ጊዜ ነው፣ ጥርሱ አይቆይም። ሥራው አደጋ ሲኖር መቁረጥ ብቻ ነው። መጠምጠሚያው በተከታታይ በሁለት ነገር ያልፋል፦ ናኖው በሚይዘው ትንሽ ሪሌ፣ እና ማቀዝቀዣው ላይ በተጣበቀ 85 ዲግሪ ላይ በሚከፍት ኬኤስዲ 301 ቴርሞስታት።

ናኖው ሪሌውን የሚለቅባቸው፦ ሙቀቱ ከ280 ሲያልፍ፤ ማክስ 6675 ሽቦ ተቆርጧል ሲል፤ ፕሮግራሙ 2 ሰከንድ ሲደርቅ፤ እና ከ200 በታች ሆኖ 4 ደቂቃ ሙሉ ኃይል ተሰጥቶት ሙቀቱ 5 ዲግሪ እንኳ ካልጨመረ። የመጨረሻዋ እንዳትዘለል። ሴንሰሩ ከጉድጓዱ ቢወርድ ሽቦው አልተቆረጠም፣ ንባቡም «ደኅና» ነው፤ 60 እያነበበ ምጣዱን ያነደዋል። ሆን ተብሎ ሞላው ወጥቶ ሴንሰሩ ወርዶ ተሞከረ፤ በ4 ደቂቃ ከ1 ሰከንድ ቆረጠ። ኤስኤስአሩም በሽቦ ሾርት ተደርጎ ተሞከረ፤ 280 ላይ ቆረጠ፣ በተጠራቀመው ሙቀት እስከ 296 ሄዶ ተመለሰ።

ታኅሣሥ 10

22 እንጀራ፣ ማታ፣ መስመሩ ከ185 እስከ 196 ቮልት። ሁሉም ተነሡ። ሴንሰሩ ከ229 እስከ 238 ውስጥ ቆየ። በካርድ ቆጣሪው 4.4 ኪሎ ዋት ሰዓት፤ በፊት በእጅ ሲበራና ሲጠፋ ለዚያው 22 እንጀራ 5.3 ነበር። እንጀራው ራሱ የሚፈልገው 22 × 316 ኪሎ ጁል፣ ማለትም 1.93 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ገና ከግማሽ በላዩ ወደ ላሜራውና ወደ መሟሟቂያው ይሄዳል።

እማማ ሁለት ነገር አስተካክሉ አሉ። 19ኛውን ሲጋግሩ ማሰሻውን ለመፈለግ አክንባሎውን ባዶ ምጣድ ላይ ደፍተው ነበር፣ ምጣዱም ጋለ። አሁን ከ40 ሰከንድ በፊት ከተነሳ ሙሉ ኃይሉ ወዲያው ይቆማል፣ የተረፈውም ከሚቀጥለው እንጀራ ይቀነሳል። ሁለተኛው፣ ለቂጣ ዝቅ ያለ ሙቀት ይፈለጋል፤ ሳጥኑ ላይ አንድ ቁልፍ ተጨምሮ 205 ላይ ያስቀምጣል፣ የአክንባሎው ስዊችም ያኔ አይሰማም።

እስካሁን የወጣው በጠቅላላ 13,400 ብር። ከዚህ 1,750ው የስህተት ዋጋ ነው፦ አንድ ሸክላና አንድ ኤስኤስአር።

ታኅሣሥ 14

ከስድስት ጋገራ በኋላ ሥሩ ተከፈተ። ከኤም 5 ቡሎኖቹ የአንዱ ዳዶ ሩብ ዙር ላልቷል፤ ራንዴላው ሥር ሰማያዊ ቀለም ይዟል። የሚግልና የሚበርድ መጋጠሚያ ስለሚላላ የሞላ ራንዴላ ገባ፤ ከሌላ አስር ጋገራ በኋላ እንደገና ይታያል። ከሽቦው እስከ ላሜራው 4 ሜጋ ኦም። ሴራሚኩ አልተሰነጠቀም፣ የእስክሪብቶው ሞላ እንደነበረ ነው። በላሜራውና በጀሶው መካከል ያለው 4 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ባዶ አየር ነው፤ ላሜራው በጋገራ ጊዜ 118 ዲግሪ ደርሷል። በሚቀጥለው ሳምንት ፋይበር ግላስ ይሞላበታል፤ ያኔ የ28 በመቶዋ ቁጥርና የ110 ሰከንዷ ቁጥር እንደገና ይለካሉ።